ውይይት ብለን የጠራነው አውጫጭኝ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማልረሳው አለቃዬ አቶ ታምሩ በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "ይኸው ሦስት ሰዓት ሆነ። ወረዳዎቹን አነጋግሬ ከቀትር በፊት እመለሳለሁ፤ እስከዚያ አንቺ ጀምሪው" ስላለኝ ነው።

"እኔ?" አልኩት።

"መመሪያው እጅሽ ላይ ነው። ማንበብ ብቻ ነው።"

መኪናው ወደ ሞጣ ዞሮ ሄደ። እኔ ከአንድ ትልቅ ብሳና ሥር፣ ከማያውቀኝ ሕዝብ ፊት ቀረሁ።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ በልጅነቴ ተማሪዎቻቸው ሲከራከሩ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ እሰማ ነበር። ማን በቁጣ እንደሚናገር፣ ማን ተረትቶ ዝም እንዳለ፣ ማን ደግሞ መልሱን እያወቀ አፍሮ እንደተወው በድምፃቸው እለያለሁ። መስማትን ያኔ ለመድኩ። መናገርን ግን አልለመድኩም። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ለማለት እንኳ ጉሮሮዬን ደጋግሜ የምጠርግ ልጅ ነበርኩ።

ሥራውንም ያገኘሁት በዚሁ ጠባዬ ይመስለኛል። ፕሮጀክታችን ሰዎች በሚነካቸው ጉዳይ ላይ ተቀምጠው ሲወያዩ ሐሳባቸው እንዴት እንደሚለወጥ የሚያጠና፣ ያገኘውንም ለትምህርት ቤቶችና ለቀበሌዎች የሚያስተምር ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው እንጠይቃለን፤ ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ላይ ይወያያሉ፤ በመጨረሻ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ለብቻ እንጠይቃለን። የእኔ ድርሻ መጠየቅ፣ መስማትና መጻፍ ነበር። ሰው ፊት ቆሞ ውይይት መምራት የአቶ ታምሩ ነው።

የዚያን ቀን የተሰበሰብነው ከሞጣ ወጣ ብላ በምትገኝ ጎጥ ነው። ስሟን ባልጠራው ይሻላል። ጉዳዩ የወል ግጦሹ ነበር፦ ሜዳው ይከለልና ሣሩ እየታጨደ ይወሰድ ወይስ እንደ ድሮው ከብት ይሰማራበት? ባልም ሚስትም እኩል እንዲናገሩ ብለን የጎጡን አዋቂ ሁሉ ጠራን። ከብት እየገባ እንዳይረብሽ እኔው ራሴ በዋዜማው ችካል አስተክዬ ዙሪያውን ገመድ ወጠርኩ። ቀበሌው "ለጸጥታ" ብሎ ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሻ ላከልን፤ እሱም የሚቆምበት ቢያጣ ገመዱ ክፍት በሆነበት መግቢያ ላይ ሄዶ ቆመ። ሁሉም ለደግ ተብሎ የተደረገ ነው።

መመሪያውን ገልጬ አነበብኩ። ድምፄ ከፊተኛው ረድፍ የሚያልፍ አልነበረም፤ ስለዚህ አጠገቤ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት የጎጡ ቄስ መምሬ ልሳኑ እያንዳንዱን ቃል እየተቀበሉ በዚያ በቅዳሴ ድምፃቸው ይደግሙልኝ ነበር።

"የምትናገሩት ከስማችሁ ጋር አይያዝም" አልኩ።

"የምትናገሩት ከስማችሁ ጋር አይያዝም!" አሉ መምሬ።

"ባለፈው ሳምንት በየቤታችሁ ለብቻ የነገራችሁኝም ምስጢር ነው። አሁን ተራ በተራ ትናገራላችሁ። ሁሉም ሳይናገር ስብሰባው አይበተንም።"

መምሬ የመጨረሻዋን ሲደግሙ ሜዳው ጭጭ አለ። ከኋላ ቆመው ሲሳሳቁ የነበሩ ጎረምሶች ቀስ ብለው ተቀመጡ። አንድ ሰው ዞር ብሎ ሚሊሻውን አየ፤ ቀጥሎ ገመዱን አየ። እኔ ደስ አለኝ። የመጀመሪያ ስብሰባዬ ሥርዓት የያዘ መሰለኝ።

ከቀኝ ጀመርን። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ።

"አያ፣ ግጦሹ ቢከለል ይሻላል ወይስ ክፍት ቢሆን?" አልኩት።

"እኔ የዚያን ቀን ሞጣ ገበያ ነበርኩ" አለ። "በሬ ልሸጥ። ብቻዬንም አልነበርኩም።"

"አይ... ስለ ግጦሹ ነው።"

"ስለ ግጦሹም ቢሆን ሞጣ ነበርኩ" ብሎ ተቀመጠ።

ያልገባው መስሎኝ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ሁለተኛው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ "ያየሁት የለም፤ የሰማሁት የለም። ብዋሽ ማርያም ታጥፋኝ" አለ። ሦስተኛዋ ሴት አራስ እንደነበረች፣ ከአልጋ እንዳልተነሣች ተናገረች። አራተኛው የሚስቱን ወንድም ምስክር ጠራ። እኔ ሁሉንም እጽፋለሁ። ስለ ሣር ያነሣ አንድም ሰው የለም። የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ተራው እትዬ አንጓች ዘንድ ደረሰ።

እትዬ አንጓችን ባለፈው ሳምንት ቤቷ ሄጄ አግኝቻታለሁ። ባሏን ፈትታ ከእናት አባቷ መሬት ላይ የተመለሰች፣ ብቻዋን የምትኖር፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ለጠየቅኋት ሁሉ "እኔ ምን አውቃለሁ" ብላ ነበር የመለሰችልኝ። በሯ ላይ የታሰረች ጥጃ እያሻሸች፣ ዓይኔን ሳታይ። እንደ እኔ ዓይነት ሰው ናት ብዬ ወድጃት ነበር።

አሁን ተነሣች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ሳበች። ሁሉም ጠበቀ። ምንም አልተናገረችም። ቆማ ቆማ ተቀመጠች።

"አያችሁ!" አለ ከመካከል አንድ ሰው። ባዬ ይባላል፤ ቀጭን፣ ድምፀ ትልቅ። "አያችሁልኝ አይደል? ዝም አለች!"

ሜዳው እንደ ንብ ቀፎ ተነሣ። ከወዲያ ጥግ ተቀምጦ የነበረ፣ አያ ጌቴ የሚባል ገበሬ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ፤ ሁለቱ ወንድሞቹ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆሙ።

ባዬ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "ሳምንቱን ሙሉ ቤት ለቤት እየዞረች ወፍ ስትሰበስብ የሰነበተችው ይቺ ተማሪ ናት። ምን ያለፋናል? ወፏን ታውጣልን!"

"ታውጣ! ታውጣ!"

"መምሬ፣ ምን እያሉ ነው?" አልኩ።

መምሬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። "ልጄ፣ እኔም ዘግይቶ ነው የገባኝ። ሕዝቡ አውጫጭኝ መስሎታል።"

አውጫጭኝን ከአባቴ ሰምቼዋለሁ። ድሮ ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል፣ ያደረገው ያልታወቀ እንደሆነ፣ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም፤ በር ላይ ዘብ ይቆማል። እያንዳንዱ ተነሥቶ ምን እንዳየ ይናገራል ወይም አላየሁም ብሎ ይምላል። ፊት ለፊት መናገር የፈራ ደግሞ አስቀድሞ ለሽማግሌ በጆሮው ይነግራል። የነገረው ሰው ስም አይወጣም፤ "ወፍ ነገረችን" ይባላል፤ በወፍ ቃል ሰው ይያዛል።

ገመዱ። ሚሊሻው። ለብቻ የተጠየቀው። ስማችሁ አይያዝም የተባለው። ሁሉም ሳይናገር አይበተንም። አንድም ሳይቀር እኔው በእጄ አሟልቼው ነበር።

"ማነው... ምንድን ነው የሚፈልጉት?"

"የጌቴን ክምር ያነደደውን ነዋ። ከጥምቀት በኋላ በገበያ ቀን የዓመት ጤፉ አመድ ሆነ። እናንተ የመጣችሁ ለዚያ መስሏቸዋል።"

ተነሥቼ "አውጫጭኝ አይደለም!" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። መምሬ ተቀብለው ጮኹ፤ "አውጫጭኝ አይደለም ትላለች!"

"ካልሆነ ገመዱ ለምኑ ነው?" አለ ባዬ።

"ለከብቱ ነው..." አልኩ።

ሰው ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። "አዎ፣ ለከብቱ ነው" አለ አንዱ፤ "ከብቶቹ እኛ!"

ወደ ሚሊሻው ሮጥኩ። "ወንድም ጋሼ፣ ሰዎቹ ይውጡ፤ ልቀቃቸው።"

"ታምሩ ሳይመጣማ አይሆንም" አለ። "ደግሞ አሁን ነገሩ ሊወጣ ሲል?"

መምሬ ተከትለውኝ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። "ተይው። አሁን ብትበትኚው ይብስ ነው። አንጓች ጥርጣሬውን በራሷ ላይ ይዛ ከሄደች ከዚህ አገር መነቀሏ ነው። የጌቴ ወንድሞች ቤቷን አያቆዩትም። ዕድሯም ያወጣታል፤ ውኃ የሚያቀብላት አታገኝም። ዝም ያለችው ሴትዮ ናት ተብሎ በቃ።"

ዞር ብዬ አየሁ። እትዬ አንጓች ከተቀመጠችበት ዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ሸሽተው ብቻዋን ቀርታለች። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የአንዲት ሴት ቁመት ያህል ባዶ ሣር ተዘርግቶ ነበር።

ጸሐዩ ከብሳናው ቅርንጫፍ አልፎ አናታችን ላይ ወጣ። ዐቢይ ጾም ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ እህል የቀመሰ የለም፤ የሰው ፊት ሁሉ ደርቋል። የአቶ ታምሩን መኪና ባይ ባይ መንገዱ ላይ አቧራ እንኳ የለም። ስልኬን አየሁት። ኔትወርክ የሚገኘው ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ነው።

"ወፍ አልነገረችኝም ካለች ትማል!" አለ ባዬ። "መስቀሉ ይኸውና! ትማልልን፣ እኛም እናርፋለን።"

መምሬ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩኝ። ዓይናቸው "ማይ፣ ልጄ" የሚል መሰለኝ። ቀላል ነበር። "ማንም ምንም አልነገረኝም" ብል ነገሩ ይበርዳል፤ እትዬ አንጓች ቤቷ ትገባለች።

ነገር ግን ነግረውኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ካነጋገርኳቸው መካከል አንዲት አሮጊት አሉ፤ እማማ ጥዑም። ጥያቄዬን ጨርሼ ልነሣ ስል እጄን ሳብ አድርገው፣ "ልጄ፣ ክምሩን ያነደደችው አንጓች ናት። እኔ አልኩ እንዳትይ" ብለውኝ ነበር። የመንደር ወሬ መስሎኝ "እሺ እማማ" ብዬ ወጣሁ። አልጻፍኩትም፤ ረሳሁትም። ለእሳቸው ግን ያ "እሺ" የአደራ ቃል ነበር።

አሁን እማማ ጥዑም ከሴቶቹ መሀል ሆነው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ ሲያደርጉ አየሁ።

የቅኔ መምህር ልጅ ነኝ፤ በመስቀል በሐሰት አልምልም። ስማቸውንም ብጠራ ምስጢር ነው ብዬ የገባሁትን ቃል አፈርሳለሁ፤ ቃሉም በእትዬ አንጓች ላይ ምስክርነት ሆኖ ይቀራል። ዝም ብል ዝምታዬ ራሱ ወፍ ይሆናል። ሦስቱም በሮች ተዘጉብኝ።

"ምነው ልጄ?" አሉ መምሬ በቀስታ።

"አልምልም" አልኩ።

እሳቸው ይህችን አልደገሙም። ግን ከፊት ያሉት ሰምተው ወደ ኋላ አሳለፏት፤ "አልምልም አለች"፣ "አልምልም ብላለች"። የአያ ጌቴ ታላቅ ወንድም ዱላውን ከመሬት አነሣ።

ምን እንዳደፋፈረኝ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። መምሬ ተቀምጠውበት የነበረው ድንጋይ ላይ ወጣሁ። መመሪያውን እዚያው ሣሩ ላይ ጣልኩት። ጉሮሮዬንም አልጠረግሁም።

"የነገረኝ ሰው አለ!" አልኩ።

የራሴ ድምፅ መሆኑን አላመንኩም።

"አለ። ስሙን ግን አልጠራም። እስከ ማታ ብታቆሙኝ አልጠራም፤ ቃል ገብቻለሁ። የነገረኝም ሰው እዚህ መካከላችሁ ነው። በዓይኑ አይቶ ከሆነ ይነሣና በራሱ አፍ ይናገር። እትዬ አንጓችም ፊቱ ቆማ ትመልስለት። በዓይኑ ካላየ ደግሞ ከማን እንደሰማ ይንገረን። በጆሮዬ የተነገረኝ ነገር በእኔ አፍ ሰው አያስነቅልም!"

"ወፍ ስሟ አይጠራም!" አለ ባዬ። "የአባቶች ሥርዓት ነው!"

"ስሟን አልጠራሁም፤ ራሷ ትምጣ ነው ያልኩት።"

መምሬ ልሳኑ ያን ጊዜ ቆሙ። መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። "ልጅቱ ያለችውን ሰማችሁ። የሚናገረውን ሰው ዛሬም ሆነ ነገ በዱላም በነገርም የነካ፣ ውግዝ ይሁን! ደጄን አይርገጥ!"

ማንም አልተነሣም። የአያ ጌቴ ወንድም እኔን ያያል፤ እኔ ሣሩን አያለሁ። አንድም ሰው ባይነሣስ? ያን ጊዜ "የነገረኝ አለ" ያልኩት እኔው በገዛ አፌ ፍርዱን አጸናሁባት ማለት ነው።

በመጨረሻ ከሴቶቹ መሀል የዱላ ጫፍ ታየ። እማማ ጥዑም ተመርኩዘው ተነሡ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ምን ታፈጣላችሁ? እኔ ነኝ ያልኳት።"

"አይተው ነው እማማ?" አልኩ።

"ምን ዓይን አለኝና አያለሁ ልጄ? ደጄን የሚያልፈውን ውሻ አልለይ። ሰምቼ ነው።"

"ከማን?"

እማማ ጥዑም ዱላቸውን አዙረው ወደ ባዬ ቀሰሩ። "ከዚህ ከለፍላፊ ነዋ። ከወፍጮ ስመለስ ከቤቴ ደጅ ቆሞ፣ 'አንጓች ናት አሉ' አለኝ።"

"እኔ?" አለ ባዬ። "እማማ ጥዑም፣ ያረጁ መስሎኝ ነበር እንጂ..."

"ማርጀቱንማ አርጅቻለሁ። ጆሮዬ ግን አላረጀም። ብትፈልግ ያልከውን ሁሉ ልድገምልህ?"

እዚህ ላይ አንዳንዱ ሳቀ። የአሁኑ ሳቅ የተለየ ነበር። ባዬ ወዲያና ወዲህ ተመለከተ። "እኔ ምን... እኔም የተነገረኝን ነው ያልኩ። ከራሴ አላወጣሁም።"

"ማን ነገረህ?" አሉ መምሬ።

"ምን ያደርጋል አሁን..."

"ባዬ!"

"ደብሬ ናት" አለ፤ ድምፁ ወርዶ።

ወይዘሮ ደብሬ የአያ ጌቴ ሚስት ናት። ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ማልቀስ ጀመረች። "አዎ ብያለሁ። ጤፌ ነዶብኝ፣ ልጆቼን ምን ላብላ ብዬ ሳለቅስ ብያለሁ። እኔም አላየሁም። እሱ ነው ያለኝ" ብላ ባሏን አሳየች።

የሕዝቡ ራስ ሁሉ ወደ አያ ጌቴ ዞረ። ቀስ ብሎ ቆመ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲቆም ግን ያነሰ መሰለኝ።

"አላየሁም" አለ። "እኔም እንደናንተው ገበያ ነበርኩ። ስመጣ ክምሩ ነዷል። የዚያን ቀን ተቀምጬ፣ ማን ይጠላኛል? ከአንጓች በቀር የሚጠላኝ የለም አልኩ። ያልኩት ይኸው ነው። ናት አላልኩም። ከሷ በቀር የሚጠላኝ የለም ነው ያልኩት።"

ወሬው ሜዳውን ዞሮ ከተነሣበት ደረሰ። እዚህ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ከድንጋዩ ልወርድ ስል እትዬ አንጓች ተነሣች።

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

"ለምን እንደምጠላህ ንገራቸው" አለች።

አያ ጌቴ ዝም አለ።

"ጌቴ፣ ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ነው ሲባል አልሰማህም? ንገራቸው እንጂ።"

ወንድሞቹ ወደ መሬት አዩ። አያ ጌቴ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

"ድንበሯን ገፍቻለሁ" አለ በመጨረሻ። "ባል የላት፣ ወንድም የላት ብዬ፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም። እሷም ለማንም አልተናገረች።"

"ለማን ልናገር?" አለች እትዬ አንጓች። "ብናገርስ ማን ይሰማኛል? ዛሬም እኮ አፌን ብከፍት የሚወጣው ይኸው ነበር። 'ጌቴ መሬቴን ወሰደ' ብል፣ ክምሩን ያነደደችው ለዚህ ነው ልትሉ ነው። ዝም ብል ይኸው ዝም አለች አላችሁ። ምን ላድርግ ነበር?"

ሚሊሻው ጠመንጃውን ከፊት ወደ ጀርባው አዞረ።

ያን ቀን ስለ ግጦሹ አንድም ቃል አልተነገረም። ሽማግሌዎች ተነሥተው፣ የጌቴንና የአንጓችን ድንበር ሄደው እንደሚያዩ ተስማሙ። አያ ጌቴ እሺ አለ፤ ታላቅ ወንድሙ ግን ማንንም ሳይሰናበት ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። ሰው ሁሉ ሲበተን ለአንጓች "ደህና ዋይ" ያሏት ጥቂት ሴቶች ናቸው። ሌሎቹ ሳያዩዋት አለፉ፤ ያፈሩ ይሁኑ ያላመኑ አላወቅሁም። አቶ ታምሩ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው።

"እህ? ተወያዩ?" አለኝ ከመኪናው ሳይወርድ።

"ተወያዩ" አልኩት።

"ግጦሹ ይከለል ነው ያሉት ወይስ ይሰማራበት?"

አለቀስኩ።

አንባቢዎቼ፣ ክምሩን ማን እንዳነደደው እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ከእረኛ እሳት የተነሣ ይሆናል፤ ምናልባት እዚያው ሜዳ ላይ ተቀምጦ የማለ ሰው ይሆናል። ይህን የምጽፍላችሁ አዋቂ ሆኜ ነገሩን ፈታሁት ለማለት አይደለም። አያ ጌቴ ያን ቀን አፉን ባይከፍት ኖሮ እትዬ አንጓች ከዚያች ጎጥ ተነቅላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ውይይት መርቻለሁ፤ ሌሎች እንዲመሩም አስተምራለሁ። መመሪያው ውስጥ "ሁሉም ሳይናገር አይበተንም" የምትለዋ ወጥታ፣ "መናገር ያልፈለገ ያልፋል፤ መሄድ የፈለገ ይሄዳል" የምትል ገብታለች። አዲስ ለሚሠለጥኑትም አስቀድሜ የምነግራቸው፣ ወደ አንድ መንደር ስትገቡ ስለ ራሳችሁ ጉዳይ ከመጠየቃችሁ በፊት በዚያ አገር በቅርቡ ምን እንደ ደረሰ ጠይቁ የሚል ነው። ሰው ያልተጠየቀውን የሚመልሰው የሚያስፈራው ነገር ሲኖር ነው።

እናንተም በየስብሰባው ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። ዝም ያለውን ሰው ሐሳብ የለውም እንላለን፤ ወይም ተስማምቷል፤ ወይም የሚደብቀው አለው። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ዝም ካሉት ወገን ነበርኩ፤ እንዲያም ሆኖ ለሰው ተራ ከሰጠሁት በቂ ይመስለኝ ነበር። ተራ መስጠት ግን ብቻውን ሰው አያናግርም። እትዬ አንጓች ተራዋ ሲደርስ ቆማ ነበር፤ ያጣችው ብትናገር የማትጠፋበትን ቦታ ነው። በጆሮዬ የሚነገረኝን ምስጢር አሁንም እጠብቃለሁ። ሰውን የሚከስ ቃል ሲሆን ግን ገና ሲጀመር አስቆመዋለሁ፤ "ይህን ሰውየው ባሉበት ይናገሩት" እላለሁ። ብዙዎች ይቀየሙኛል።

በዚያ ስብሰባ ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ወደ ቢቸና ልሄድ ፈቃድ ወስጄ ነበር። ሻንጣዬ ከማታ ጀምሮ ታስሯል። ሞጣ መነኻሪያ ድረስ ሄድኩ፤ ረዳቱ "ቢቸና! ቢቸና!" እያለ ሲጠራ ሰማሁት። ሻንጣዬን አንዲት የሻይ ቤት ሴት ዘንድ በአደራ አስቀምጬ ወደዚያች ጎጥ በእግሬ ወጣሁ።

ሜዳው ላይ ማንም አልነበረም። ገመዱ እንደ ተወጠረ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ጤዛ ይዞት ተንጠልጥሏል። ከመግቢያው ጀምሬ መፍታት ያዝኩ። ቋጠሮዎቹን ራሴ ነበርኩ አጥብቄ ያሰርኳቸው፤ አልፈታም ሲሉኝ በጥርሴ ጭምር ሳብኳቸው። ግማሽ ያህሉን ጠቅልዬ ቀና ስል እትዬ አንጓች ጥጃዋን እየነዳች መጥታ ቆማ ታየኛለች።

"ምን ልታደርጊበት ነው?" አለችኝ፤ ገመዱን እያየች።

"እንጃ። ልወስደው ነው።"

"ለጥጃዬ ስጪኝ። የሷ ተበጥሷል።"

ሰጠኋት። ጥጃዋን ከብሳናው ሥር አሰረች፤ ጥጃዋም ሣሩን መጋጥ ጀመረች። እትዬ አንጓች መምሬ ተቀምጠውበት የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ አፏን ግን አልሸፈነችም።

"ትናንት ተራዬ እንዲያው አለፈ" አለች። "ስለ ግጦሹ የምለው ነበረኝ።"

ቦርሳዬ ውስጥ ብዕር ነበር። አላወጣሁትም። የቀረውን ገመድ ጎኔ ጥዬ ፊት ለፊቷ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።